ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን ስሙት

«ጊታር ቤት ውስጥ ለመቅዳት የትኛውን ማይክ ልግዛ?» ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጊታር ያነገተ ልጅ ካገኘኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ምህንድስና ተምሬ አሁን ደግሞ የድምፅ ሲግናል ላይ የምሠራ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ስለሆንኩ መልሱ በኪሴ ያለ ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ ግን መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ከእኔ የሚፈልጉት ማረጋገጫ ብቻ ነው። ቪዲዮ አይተዋል። ቪዲዮው «ለጊታር ኮንደንሰር፣ ለመድረክ ዘፋኝ ዳይናሚክ» ብሏቸዋል። ቀጥሎም «የራስ ጫጫታው ዝቅ ያለውን ምረጡ» ብሏቸዋል። በመጨረሻም «ርካሽ ነገር አትግዙ፣ ገንዘባችሁን አጠራቅሙ» ብሏቸዋል።

እነዚህ ሦስት ምክሮች ውሸት አይደሉም። ችግሩ የተነገሩት ለሌላ ቤት መሆኑ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ውጭው ፀጥ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እውነት ናቸው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን የጎረቤት ፍሪጅ፣ ከበር ላይ ውሻ ላለው የኛ ክፍል ግን ግማሹ ከንቱ ወጪ፣ ግማሹ ደግሞ አሳሳች ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት እፈልጋለሁ። ካልኩሌተር ያለው ያቅርብ፤ የሌለው አይጨነቅ፣ እኔ አሰላዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

አያቴ ክራር ይመታሉ። የሚኖሩት ከብቸና ወጣ ብሎ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ስሄድ በጣም ርካሽ የሆነ «ኮንደንሰር» ማይክ ገዝቼ ነበር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የወርቅ ቀለም ያለው ወንፊት የተገጠመለት፣ ሲያዩት የሬዲዮ ጣቢያ የሚመስል። ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፣ አባባ 41 ደቂቃ ተጫወቱልኝ። መካከል ላይ ቆም እያሉ «ይሄ አሁን በአምባሰል ነው፣ ቅድም ያው ትዝታ ነበር» እያሉ ቅኝቱን ሁሉ ይነግሩኝ ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማርቆስ ተመልሼ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከክራሩ በላይ «ሽሽሽ» የሚል ነገር ነው የሚሰማው። እሱስ ይሁን። ላፕቶፑ ደግሞ በራሱ ጊዜ «ጫጫታ መቀነሻ» የሚባል ሶፍትዌር አስነስቶ ኖሮ፣ እያንዳንዱ ክር ተመትቶ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ «ይሄ ጫጫታ ነው» ብሎ ቆርጦታል። ክራር ደግሞ ነፍሱ እዚያ ጅራቱ ላይ ነው። እንደ ተቆረጠ ገመድ ጥብ፣ ጥብ፣ ጥብ ብቻ ይላል። ከዚያ ወዲህ አባባን ቁርጥማት ጣታቸውን ያዛቸው።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ በገና፣ ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ሽማግሌ ካለ ለእናንተም አይደለም።

ያንን ማይክ በንዴት በጠመንጃ መፍቻ ፈታሁት። ውስጡ ምን እንዳገኘሁ ለመረዳት ሁለቱ የማይክ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሠሩ ባጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳይናሚክ የሚባለው ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ተጣብቋል፤ ጥቅሉ በማግኔት መካከል ተንጠልጥሏል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው ሽቦው በማግኔቱ ውስጥ ይመላለስና ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጄነሬተር ማለት ነው፣ በጣም ትንሽ ጄነሬተር። ኮንደንሰሩ ግን ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሁለት ጠፍጣፋ ሳህኖች ተቀራርበው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ስስና የሚንቀጠቀጥ ነው፣ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ድምፅ ርቀታቸውን ሲለዋውጠው ቮልቴጁ አብሮ ይለዋወጣል። የሚንቀጠቀጠው ሽፋን ሽቦ ስለማይሸከም ቀላል ነው፤ ለዚህ ነው ረቂቁን ከፍተኛ ድግግሞሽ ጥርት አድርጎ የሚይዘው። ግን ኃይል ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርፌሱ በኬብሉ የሚላክ 48 ቮልት፣ ፋንተም ፓወር የሚሉት። ሦስተኛ ዘመድ አለ፦ ኤሌክትሬት። ይህም ኮንደንሰር ነው፣ ሙሉ ግን ሲሠራ ጀምሮ ቁሱ ውስጥ ታትሞ ስለሚቀመጥ ለውስጥ ማጉያው ብቻ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። የድሮ ስልካችሁ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የእኔን ቀፎ ስፈታው ያገኘሁት ምን መሰላችሁ? ሽንብራ የምታህል ኤሌክትሬት። የዋንጫ ያህል ቀፎ፣ የወርቅ ወንፊት፣ ውስጡ ሽንብራ። ኤሌክትሬት በራሱ ነውር የለበትም፤ በጣም ጥሩ ኤሌክትሬቶች አሉ። ነውሩ ትልቅ ሽፋን ያለው አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ሳጥኑ ላይ «ኮንደንሰር» የሚለው ቃል በሕግ ቋንቋ እውነት ነው፣ በገዢው ጆሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎጃም ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አገር ነው፤ ይሄኛው ግን ሰሙ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ማንኛውም ኮንደንሰር ምንም ድምፅ በሌለበት እንኳ የራሱ ትንሽ ጫጫታ አለው። መግለጫ ወረቀቱ ላይ በዴሲቤል ይጻፋል። ሮድ ኤን ቲ 1-ኤ የሚባለው 5 ዴሲቤል ነው፣ በዚህ ስሙ የገነነ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ 2020 ደግሞ 20 ዴሲቤል። ቪዲዮዎቹ «15 ዴሲቤል ልዩነት! ሌላ ዓለም!» ይላሉ። በወረቀት እውነት ነው። ግን ማይኩ ባዶ ሕዋ ውስጥ አይቀመጥም። በሌሊት ጥሩ ፀጥታ ያለው መኝታ ክፍል እንኳ 30 ዴሲቤል አካባቢ ጫጫታ አለው። ዴሲቤል በቀጥታ አይደመርም፤ ወደ ኃይል ቀይረን ደምረን እንመልሰዋለን። 30 ዴሲቤል ማለት 1,000 ነው፤ 20 ዴሲቤል ማለት 100 ነው፤ 5 ዴሲቤል ማለት 3 ገደማ። እሺ፣ ክፍሉና ኤ ቲ 2020 ሲደመሩ 1,100፣ ማለትም 30.4 ዴሲቤል። ክፍሉና ኤን ቲ 1-ኤ ሲደመሩ 1,003፣ ማለትም 30.01 ዴሲቤል። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ያነሰ ነው። ይህን ማንም በጆሮው አይለየውም። ክፍላችሁ 40 ዴሲቤል ከሆነማ፣ የከተማ ክፍል ቀን ቀን ከዚህም ይበልጣል፣ ጨዋታው ከናካቴው አልቋል።

እንግዲህ ያን ሁሉ ተጨማሪ ብር የከፈላችሁት ክፍላችሁ የሚውጠውን ፀጥታ ለመግዛት ነው።

ዳይናሚክስ? እዚህ ላይ አንድ ያስገረመኝን ነገር ላካፍላችሁ። ሹር ኤስ ኤም 57 ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ዳይናሚክ ነው፤ በመድረክ የታወቀው የኤስ ኤም 58 ወንድም። «ለጊታር በጣም ደካማ ነው፣ ሽሽታ ያመጣል» ይባላል። እውነት ነው የሚያወጣው ሲግናል ትንሽ ነው፦ በአንድ ፓስካል ግፊት 1.6 ሚሊቮልት ገደማ። ሽሽታው ግን የሚመጣው ከማይኩ ሳይሆን ከማጉያው ነው። በዚህ ዘመን ደህና የሚባል ኢንተርፌስ የማይክ ማጉያ ጫጫታው 0.3 ማይክሮቮልት አካባቢ ነው። 0.3 ማይክሮቮልትን ለ1.6 ሚሊቮልት አካፍሉትና ወደ ድምፅ ግፊት መልሱት፤ 20 ዴሲቤል አካባቢ ይወጣል። ማለትም ኤስ ኤም 57 ከደህና ኢንተርፌስ ጋር ሲገናኝ የጫጫታው መጠን «ለጊታር የተሠራ» ከሚባለው ከኤ ቲ 2020 ብዙም አይርቅም! (አለካኩ በሁለቱ ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ስላልሆነ ለአንድ ሁለት ዴሲቤል አትጣሉኝ።) ያው ማይክ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ግን ወየው። የቀዳዳው ማጉያ ጫጫታ ሃያ ሠላሳ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሽሽታው ከክፍሉም በላይ ይጮኻል። የእኔ ጥፋት ግማሹ ይሄ ነበር። ማይኩን ስወቅስ ከረምኩ፤ ቀዳዳውም እኩል ተጠያቂ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ማይክ?» ሳይሆን «ማይኩ ምን ላይ ይሰካል?» መሆን ነበረበት። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለኢንተርፌሱ አውጡት፣ ማይኩን ከባንድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ክፍል ተዋሱ። ዳይናሚክ ማይክ በየሰፈሩ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቤቱ።

የተከራየሁት ክፍል 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ይህ ልኬት ለተማሪ ይበቃል፤ ለድምፅ ግን እርግማን ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ድምፅ ሲመላለስ የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ከክፍሉ ስፋት ጋር ሲገጥም እዚያው ቆሞ ይጮኻል። የመጀመሪያው ድግግሞሽ የድምፅ ፍጥነት ለስፋቱ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ የማርቆስ ማታ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ይሄዳል። 340 ለ6 ሲካፈል 57 ኸርዝ። ቀጥሎ እጥፉ 113 ኸርዝ። ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል ስለሆነ ደግሞ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳዎች አንድ ላይ እዚያው ድግግሞሽ ላይ ይተባበራሉ። የጊታር አምስተኛው ክር ክፍት ሲመታ ስንት ነው? 110 ኸርዝ። የጊታሩ ቀዳዳና በውስጡ ያለው አየርም በአብዛኞቹ ጊታሮች 100 ኸርዝ አካባቢ የራሳቸው ማጉረምረሚያ አላቸው። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ያቺን ክር ስመታ ክፍሉ አብሮኝ ይዘፍናል፤ ሌሎቹ ክሮች ደግሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማይክ ብቀይር ይሄ አይለወጥም። ማይኩ የሚያደርገው ክፍሉ ያመጣለትን በታማኝነት መመዝገብ ነው፤ ውድ በሆነ ቁጥር ጉዱንም በጥራት ይመዘግበዋል።

(በነገራችን ላይ «ከፍታ ቦታ ላይ ድምፅ ይዘገያል» የሚል ሰምታችሁ ከሆነ ትክክል አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ነው እንጂ በአየር ግፊት አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ ስስ ስለሆነ ያው ክር በተመሳሳይ ኃይል ቢንቀጠቀጥ የሚሰጠው የድምፅ ግፊት 2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ጂቡቲ ወርዳችሁ ካልቀዳችሁ በስተቀር ልብ አትሉትም።)

«ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ» የሚሉ አሉ። ስቀሉ፣ ይጠቅማል፣ ግን የሚጠቅመውን እወቁ። ጋቢ የሚውጠው የላይኛውን፣ የሚያጭረውን ድምፅ ነው። ጨርቅ ድምፅን በደንብ የሚይዘው ውፍረቱ ወይም ከግድግዳው ያለው ርቀት ከሞገዱ ሩብ ጋር ሲቀራረብ ነው። የ100 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። 85 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጋቢ ማን ሸምኖ ያውቃል? ስለዚህ ጋቢውን ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ገመድ ላይ ስቀሉት፤ እጥፍ ብታደርጉት ደግሞ የተሻለ። ለታችኛው ድምፅ ግን መድኃኒቱ ቦታ መቀየር ነው። ከክፍሉ መሐል ተነሡ፣ ከግድግዳ ጥግም ራቁ፣ አንድ ሦስተኛው ላይ ተቀመጡ። አልጋውን አታውጡ፤ ፍራሽ ክፍሉ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ምርጡ ነው።

የሣር ክዳን ቤትን ሳስብ ይቆጨኛል። አንድ ክንድ የሚጠጋ ውፍረት ያለው ሣር ከላይ የተከደነበት ጎጆ ጣሪያው ራሱ ድምፅ ይውጣል፤ ስቱዲዮ ሠሪዎች በብዙ ገንዘብ የሚያስቀምጡት ወፍራም ለስላሳ ነገር እዚያ በነፃ ነበር። ክብ ግድግዳው ድምፅን ወደ መሐል መሰብሰቡ አንድ እንከን ነው፣ ከምሰሶው ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃዋል። የአባባ ቤት ወደ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ቆርቆሮ አያፈስም፣ እሳትም አይፈራም፣ ማንም ወደ ሣር ይመለሱ አይላቸውም። ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ክራር መቅዳት ማለት ሰፌድ ላይ ጥሬ እያንገዋለሉ ወሬ እንደመስማት ነው። ፀሐይ ሲበረታ ብረቱ እየተለጠጠ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ክረምት ላይማ ጎጃም ሲዘንብ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያገኘሁት ምርጥ «መሣሪያ» ግን የመብራት መጥፋት ነው። አትሳቁ። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ፍሪጅ ዝም ይላል፣ የፊት ለፊቱ ሱቅ ሙዚቃውን ያቆማል፣ ወፍጮ ቤቱ ይተኛል። ላፕቶፑ ደግሞ በባትሪ ስለሚሠራ ከቻርጀሩ የሚመጣው ጉምጉምታ የለም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ያ የምትጠሉት «እምምም» 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው፣ 100፣ 150 እያለ ይቀጥላል፤ ልክ ጊታሩ ቤት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዩ ኤስ ቢ የሚሠራ ኢንተርፌስ የፋንተም ኃይሉን ከላፕቶፑ ባትሪ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ኮንደንሰርም ይሠራል። ባለፈው ዓመት ከቀዳኋቸው ጥሩ ከምላቸው አብዛኞቹ በጨለማ የተቀዱ ናቸው። መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ የማይሆንላችሁ ቢያንስ ቻርጀሩን ንቀሉ።

ማይክ የት ይቀመጥ? ለጊታር አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ፣ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ አፉ ወደ ቀዳዳው ሳይሆን አንገቱና አካሉ ወደሚገናኙበት የዞረ። ቀዳዳው ፊት ብታደርጉት ያ የ100 ኸርዝ ማጉረምረም በቀጥታ ይገባል፤ ላይ ደግሞ አንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክ በቀረበ ቁጥር የታችኛውን ድምፅ የማጉላት ጠባይ አለው፣ ሁለቱ ሲደመሩ በርሜል ይሆናል። ክራር ላይ ግን ይህን ምክር እንዳለ አትቅዱት። ክራር እንደ ጊታር ሰፊ የእንጨት ፊት የለውም፤ ድምፁ በዋናነት የሚወጣው ሳህኑ ላይ ከተወጠረው ቆዳ ነው። እኔ የተስማማኝ ከቆዳው 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጠርዙ ጋደል ብሎ ነው። በመምቻ ሲገረፍ መምቻው ክሩን የሚነካበት «ጭር» የሚል ድምፅ አለ፤ ኮንደንሰር ይሄን ያጋንነዋል፣ ዳይናሚክ ይገራዋል። በግሌ ለሚገረፍ ክራር ኤስ ኤም 57ን ከሦስት እጥፍ ውድ ኮንደንሰር እመርጣለሁ። በጣት ለሚጫወቱት ሐሳቤን እቀይራለሁ።

«ሁለት ማይክ ልጠቀም?» ለጀማሪ፣ አይ። ሁለቱ ማይኮች ከክሩ ያላቸው ርቀት በ34 ሳንቲ ሜትር ቢለያይ ድምፁ አንዱ ጋ ከሌላው 1 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሲደመሩ 500 ኸርዝ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ደግሞ 1,500 ላይ፣ ደግሞ 2,500 ላይ። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቦታ ቦታውን ይጎድላል። «ድምፁ ሳሳብኝ» ብሎ ሦስተኛ ማይክ ሊገዛ ያሰበ ልጅ አውቃለሁ፤ አንዱን ሲያጠፋው ዳነ።

አሁን ጆሮ የሚያሰለጥን ነገር ልምከራችሁ፣ ምክንያቱም የማይክ ምርጫ የምትሰሙትን ካለማወቅ ይበላሻል። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሸክላዎች ፈልጋችሁ ስሙ። በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን የተቀዱ ናቸው፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላዎች ተብለው የሚጠቀሱ። በዚያን ጊዜ ሸክላ በማይክ አይቀዳም ነበር፤ በኤሌክትሪክ መቅዳት የተለመደው ከ1925 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ተጫዋቹ ትልቅ ቀንድ ፊት ይቆማል፣ የቀንዱ ጫፍ ላይ ያለች መርፌ በድምፁ ጉልበት ብቻ ሰሙን ትፍቃለች። ከ200 እስከ 2,500 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከስልካችሁ በእጅጉ ያነሰ። ሆኖም የማሲንቆው እጅ፣ የግጥሙ አወራረድ፣ ትንፋሹ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ አለ። ሌላ ጊዜ «ማይኬ ርካሽ ስለሆነ አልቀዳም» ስትሉ ቀንዱን አስቡት።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሂዱ፦ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ 11ኛው የዓለሙ አጋ የበገና አልበም ነው። በገና ለቀጂ ፈተና ነው። አሥር ክሮች አሉት፣ በብዙዎቹ ሥር እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ቆዳውን እየነካ ያን የሚነዝር ድምፅ ይፈጥራል። መሠረታዊ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የጆሮ መያዣው ግን ከላይ ያሉት ብዙ ብዜቶች ናቸው። ላዩን የማያይ ማይክ በገናን ድብዳብ ያደርገዋል፤ ላዩን የሚያጋንን ማይክ ደግሞ ንብ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ደርዳሪው በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ ነው የሚያዜመው፤ ድምፁና መሣሪያው በአንድ ማይክ ፊት መመጣጠን አለባቸው። አልበሙን ስሰማ የማደንቀው ክፍሉ በሁለቱ መካከል አለመግባቱን ነው። በተከታታዩ 16ኛው ላይ ደግሞ የአስናቀች ወርቁን ክራር ስሙና የክሩ ጅራት የት ድረስ እንደሚሄድ ተከተሉት። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያጣሁት ይሄንን ነው።

ስለ ስልክ ሳልናገር ካለፍኩ ግማሻችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ስልክ ላይ ያለው ማይክ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ የራስ ጫጫታዋ 30 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ማለትም ከሌሊት ክፍላችሁ ጋር እኩል። ይህ የሚናቅ አይደለም፣ በተለይ ከዚያ ከሽንብራው ማይኬ አንጻር። ስልክን የሚያበላሸው ማይኩ ሳይሆን «እኔ አውቅልሃለሁ» የሚለው ሶፍትዌር ነው። ስልኩ ለንግግር ነው የተዘጋጀው፤ ዝግ ያለውን ከፍ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ ያደርጋል፣ ቀጣይ የሆነውን ድምፅ «የአየር ማራገቢያ ነው» ብሎ ያጠፋል። የበገና ንዝረት ለሱ አየር ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ድምፅ መጠኑን በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ፣ ጫጫታ መቀነሻውን የሚያጠፋና በዌቭ ፋይል የሚያስቀምጥ የመቅጃ መተግበሪያ ፈልጉ። ከዚያ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አድርጋችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀምጡ፣ ወደ አውሮፕላን ሁነታ ቀይሩ። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ እግር ሲመታ ይሰማል። ላፕቶፕ የምትጠቀሙም ከሆነ የማይክ «ማሻሻያ» የሚለውን ሁሉ አጥፉ። ይቺን አንድ መስመር ከሦስት ዓመት በፊት ቢነግረኝ ኖሮ ለነገረኝ ሰው በግ አርድለት ነበር።

እንግዲህ ግዴታ ምረጥ ካላችሁኝ፦ ምንም ከሌላችሁ ስልኩን በትክክል ተጠቀሙ፣ ያን በወርቅ ወንፊት ያጌጠ ርካሽ «ኮንደንሰር» አትግዙ፤ ስልካችሁ ይበልጠዋል። ትንሽ ካላችሁ ኢንተርፌስ ገዝታችሁ ዳይናሚክ ተዋሱ። ክፍላችሁ ፀጥ ያለና ፍራሽና ልብስ የሞላው ከሆነ፣ የምትጫወቱትም በጣት ከሆነ፣ ያኔ መካከለኛ ኮንደንሰር ዋጋውን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ያለውን ወጪ ለጊታር ክር አውጡት። ያረጀ ክር የትኛውም ማይክ አያድነውም፣ ይሄ ደግሞ በቪዲዮዎቹ ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ክር የሚያስተዋውቅ የለም መሰለኝ።

ያን የ41 ደቂቃ ፋይል ለማዳን ሞክሬአለሁ። ሽሽታውን መቀነስ ይቻላል። 50 ኸርዝ ቢኖርበት እሱንም ማውጣት ይቻል ነበር። የተቆረጠው የክሩ ጅራት ግን አይመለስም፤ መረጃው ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ከሌለ ነገር ደግሞ የትኛውም ስሌት ምንም አያወጣም። የቀረው የአባባ ንግግር ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ቅኝቶቹን ሲጠሩ የተናገሩት ሁሉ ጥርት ብሎ ተቀድቷል፤ «ይሄ አሁን በአምባሰል ነው» ይላሉ፣ ከዚያ ጥብ፣ ጥብ፣ ጥብ።

ባለፈው ወር ደወልኩላቸው። «ሦስቱ ጣት ይታዘዛል፣ ሁለቱ አኩርፏል» አሉኝ። ለገና እሄዳለሁ፤ የተዋስኩት ኤስ ኤም 57፣ ኢንተርፌሱና የሞላ ባትሪ ይኖረኛል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ገመድ ወጥሬ ሁለት ጋቢ አጥፌ እሰቅላለሁ፣ ውሻውን ከጎረቤት አሳድራለሁ። ዝናብ በገና አይጠበቅም። ሦስቱ ጣት ይበቃል ብለውኛል፤ ለትዝታ።